ኪቦርዱ የማን ነው?

በጌታ የተወደዳችሁ የማክሰኝትና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። በመጪው እሑድ ኳየሩ ሊዘምር ሲቆም ዓይናችሁን ከዘማሪዎቹ አንሡና መሣሪያው ወዳለበት ጥግ መልሱ። ኪቦርዱ ላይ ማን ተቀምጧል? ጊታሩን ማን ይዟል? ከዚያ ወደ ዘማሪዎቹ ተመለሱና ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ቁጠሩ። በብዙ አጥቢያዎቻችን መልሱ ያው ነው፤ ድምፁ የእኅቶች፣ መሣሪያው የወንድሞች።

ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም። ሴት ልጅ ኪቦርድ እንዳትነካ የሚል ደንብ አልተጻፈም፤ በመጽሐፍ ቅዱስም የለም። ግን ልምምድ ሲያልቅ ወንዶቹ «እስቲ ይህቺን ኮርድ አሳየኝ» እየተባባሉ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ወንበር ይደረድራሉ፣ አዳራሹን ይጠርጋሉ፣ ሳይመሽ ወደ ቤት ይሮጣሉ። ኪቦርዱ ጨርቁን ይለብሳል፣ የክፍሉ ቁልፍም ከአንዱ ወንድም ኪስ ይገባል። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። አምስት ዓመት በዚህ ዓይነት ይሄድና «እኅቶቻችን ለመሣሪያ ተሰጥኦ የላቸውም» እንላለን። እኔ ግን ይህን እላለሁ፦ የጎደላቸው ተሰጥኦ አይደለም፣ ቁልፉ ነው።

ለዚህ የምጠራላችሁ ምስክር ከሩቅ የመጣች አይደለችም። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ እርሳቸውም ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ሴት ናቸው። ከማክሰኝት ተነሥታችሁ በጠዳና በአዘዞ አልፋችሁ በምትደርሱበት ከተማ፣ እናንተ ለገበያና ለትምህርት በምትመላለሱበት ምድር ላይ ተመላልሰዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ። ከ150 በላይ ሥራዎችን የደረሱ የፒያኖ ሰው ናቸው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚቃቸውን የሚያጠኑ አሉ። ከእናንተ መካከል ስማቸውን የሰማችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ታሪካቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከጎንደር ምድር በልጅነታቸው ወደ ወንጌል መልእክተኞች እጅ የገቡ ሰው ናቸው። በኢየሩሳሌም፣ ቀጥሎም በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በክሪሾና ትምህርት ቤት ተማሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሠሩት የእጅ ባለሙያ መልእክተኞች የመጡትም ከዚያው ከክሪሾና ነው። ከንቲባ ገብሩ ኋላ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ ሆኑ፤ በ1919 ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። እንግዲህ «የውብዳር ምናችን ናት?» የሚል ቢኖር፣ የአባቷ ፊደል የተቆጠረበት ቤት ለእኛ ለወንጌል አማኞች ባዳ እንዳልሆነ ይወቅ።

የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ በ1937 ተግዞ አዚናራ ወደምትባል ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው መርኮልያኖ ተወሰደ። ነጻነት ሲመለስ ወጣቷ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄዱ፤ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፦ አራቱን በፒያኖ፣ አምስቱን በቫዮሊን። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተለማምዳችሁ «ደከመን» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ከዚያ ለንደን በሚገኘው ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል መጣ። የመሄጃው ፈቃድ ግን ከበላይ ተከለከለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተሰጥኦ ነበር፣ ትጋት ነበር፣ መምህር ነበር፣ የሚቀበል ትምህርት ቤትም ተገኝቶ ነበር። የቀረው የሌላ ሰው «እሺ» ብቻ ነበር፤ እርሱም አልመጣም። ኀዘኑ ጸናባቸውና ምግብ መቅመስ ትተው ለሞት እስኪቃረቡ ደረሱ። ከዚያ ስብራት ሲነሡ መንገዳቸው ሌላ ሆነ። ወሎ አምባሰል ውስጥ ወዳለው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጫማ ትተው በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። በግሸን አምባ ላይ ፒያኖ የለም።

በእኛ ዘንድ ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ወዲያው የሚላት ነገር አለች፦ «እግዚአብሔር ለበጎ አደረገው»። እውነት ነው፣ አድርጎታል። ግን ያቺን ቃል ማን እንደሚናገራት ለዩ። የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን ሸጡት፤ እግዚአብሔርም ለበጎ ለወጠው። ይህን የተናገረው የተሸጠው ዮሴፍ ነው እንጂ ሻጮቹ አይደሉም። ሻጮቹ ያደረጉት በፊቱ መውደቅ ነበር። እኅትሽን ከኪቦርዱ አስነሥተህ «ጌታ ለሌላ አገልግሎት ቢፈልግሽ ነው» የምትል ወንድም፣ የዮሴፍን ቃል በወንድሞቹ አፍ እየተናገርክ ነው። በሩን የዘጋ ሰው ጌታ በመስኮት ስላስገባ አይመሰገንም።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ1960ዎቹ እማሆይ ጎንደር ተቀምጠው ዜማ ያጠኑ ነበር። ዕለት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በደጁ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ወጣቶችን ያዩ ነበር። ስለ ማንነታቸው ሲጠይቁ የዜማ ተማሪዎች መሆናቸውን ሰሙ። የቆሎ ተማሪን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቤት ለቤት ለምኖ እየበላ የሚማር ልጅ ነው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ያላቸውን ለመስጠት ወሰኑ፤ ያላቸውም ሙዚቃቸው ነበር። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በዚያው በ1960ዎቹ ጀርመን አገር በሸክላ ታተሙ፤ ገቢውም ለድሆችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች እንዲውል አደረጉ።

ይህን አስተውሉ። ሥራቸው ለዓለም የወጣው ለዝና አልነበረም፤ ጎንደር ላይ ሜዳ የሚያድር ልጅ አይተው ነው። እኛ አልበም ስናወጣ መጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው? ስለ ክሊፑ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ምረቃው ፕሮግራም። ከመዝሙራችን ገቢ ደጃችን ላይ የሚያድረው ልጅ ስንት ይደርሰዋል ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ ካለ እሰየው።

ሙዚቃቸው ምን ይመስላል? ሰፊ ማስረጃ ሳላበዛ እነግራችኋለሁ። መሣሪያው የፈረንጅ ነው፤ ጣቶቹ በአውሮፓ ሊቃውንት ሥራ ተገርተዋል። ዜማው ግን ትዝታን የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው «ይህ የእኛ ነው» የሚለው ነው። የያሬድ ዜማ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ አንዱን ድምፅ ይዞ ይስበዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ሳይቸኩል ይለቀዋል። እማሆይ ያንን በፒያኖ አደረጉት። ምቱ እንደ ሰዓት አይሄድም፤ እንደሚተነፍስ ሰው ይረዝማል፣ ያጥራል። ከሥራዎቻቸው መካከል ስለ ባሕር፣ ስለ እናት ፍቅር፣ ቤት ስለሌለው መንገደኛ የተደረሱ አሉ። ኪቦርድ የምትማሩ ሁሉ ስሟቸው፤ አራት ኮርድ እየደጋገሙ ከመሄድ ሌላ መንገድ እንዳለ ታያላችሁ።

በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በኢትዮጵያውያን ገዳም በደብረ ገነት በትንሽ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። በ2006 «ኢትዮጲክስ» የተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ሲዲውን በሙሉ ለእርሳቸው ሥራ ሰጠ። ዕድሜያቸው ያኔ ከ80 አልፏል! በ2013 ሥራዎቻቸው በኖታ ተጽፈው ኢየሩሳሌም ውስጥ በመጽሐፍ ታተሙ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የፈረንሳይ ሰው ሲዲውን አወጣ፤ በኢየሩሳሌም ያሉ ሙዚቀኞች ኖታውን አሳተሙ። እኛ፣ አባታቸው በከንቲባነት ያስተዳደሩት አገር ልጆች፣ ስማቸውን እንኳ ለልጆቻችን አላስተማርንም።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው፦ «እርሳቸው የኦርቶዶክስ መነኩሲት ናቸው፤ ለእኛ ምን አገባን?» በትምህርት የምንለያይበት ነገር አለ፤ አልደብቀውም፣ እማሆይንም የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አላደርጋቸውም። ነገር ግን በልደት በዓል ስለዚያች ጸጥ ያለች ሌሊት የምንዘምረውን መዝሙር ታውቃላችሁ። ግጥሙን የጻፈው ዮሴፍ ሞር የተባለ የካቶሊክ ቄስ ነው፤ ፍራንዝ ግሩበር ዜማውን ሰጠውና በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ ተዘመረ። ይኸው እስከ ዛሬ ሻማ አብርተን እንዘምረዋለን፤ ማንም ተነሥቶ «ካህኑ የማን ነበሩ?» አላለም። የኦስትሪያውን ቄስ ያለ ጥያቄ ተቀብለን የጎንደሩን ከንቲባ ልጅ በር ላይ የምናቆም ከሆነ፣ የያዘን የሃይማኖት ቅናት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው፦ «ቃል የሌለው ሙዚቃ መዝሙር አይደለም።» እንግዲያው ዳዊት በሳኦል ፊት ምን አደረገ? ንጉሡን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በእጁ በገና ይደረድር ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ እጁ ነው፤ ምን ብሎ እንደዘመረ አንዲት ቃል አልጻፈልንም። ኤልሳዕም በሦስት ነገሥታት ፊት ቆሞ መጀመሪያ የጠየቀው በገና ደርዳሪ እንዲያመጡለት ነው። በገናው ሲደረደር የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ ሆነ። እጅም ያገለግላል። ሙሉ ሰዓት በማይክ ጩኸት ከምንሞላ፣ ጉባኤው በጸጥታ ወደ ጌታ የሚያይበት አምስት ደቂቃ የጣት አገልግሎት ብንሰጠው አንከስርም።

ሦስተኛው፦ «ሴት ልጅ ታገባለች፣ ትሄዳለች፤ ያስተማርናት ይባክናል።» ወንዱስ? ከማክሰኝት ኪቦርድ ተምሮ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሄደው ወንድም ስንት ነው? ለእርሱ «ጌታ አሰፋው» ብለን ጸልየን ሸኝተነዋል። እርሷ ስትሄድ ግን «ባከነ» እንላለን። ሄዳ በምታርፍበት አጥቢያ ብታገለግል የማን መንግሥት ነው የሚሰፋው? ደግሞም ከእናት ጉልበት ሥር ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች እንዳሉ አትርሱ።

አራተኛው የከበደው ነው፦ «የሴት ቦታ በዚያ አይደለም።» ለዚህ የእኔን ሐሳብ አትስሙ፤ ዘፀአት 15ን ክፈቱ። እስራኤል ባሕሩን ሲሻገር መሣሪያ በእጇ ይዛ ሴቶችን ሁሉ አስከትላ የወጣችው ማን ናት? የሙሴና የአሮን እኅት ማርያም ናት፤ መጽሐፉም በዚያው ቦታ ነቢይት ይላታል። መሳፍንት 5ን ክፈቱ፤ ዲቦራን ታገኛላችሁ። 1ኛ ሳሙኤል 2ን ክፈቱ፤ ሐናን ታገኛላችሁ። መዝሙር 68ን ክፈቱ፤ ወደ መቅደስ በሚሄደው ሰልፍ መካከል ከበሮ የሚመቱ ቆነጃጅት አሉ። ሉቃስ 1ን ክፈቱ፤ የጌታችን እናት የዘመረችውን ታነባላችሁ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፉ መቅደድ የማይቻል ከሆነ፣ የሴትን እጅ ከኪቦርዱ ማስነሣትም አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ስለ ስም ነው። በብዙ ኳየሮቻችን ግጥሙን የጻፈችው፣ ዜማውን ያመጣችው እኅት ስሟ አይጠራም። ሲጠየቁ «ክብሩ ለጌታ ነው፤ ስም መጥራት ትዕቢት ነው» ይላሉ። ክብሩ ለጌታ መሆኑ እውነት ነው። ታዲያ መዝሙረ ዳዊትን የጻፈልን መንፈስ «የዳዊት»፣ «የአሳፍ»፣ «የቆሬ ልጆች» የሚለውን ከመዝሙሩ ራስ ላይ ለምን አልፋቀውም? ስም መጻፍ ትዕቢት ከሆነ መጀመሪያ የምንከሰው መጽሐፍ ቅዱስን ነው።

በዚህ ነገር ከእኛው ቤት የወጣ ምሳሌ አለ። በ1899 በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፤ የታተመው ቀደም ሲል በጠቀስኩት በክሪሾና ነው። ስሙ የሚጠራው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ለዚያ ትርጉም የቃላቱን ሀብት ያቀረበች፣ አብራው የደከመች፣ የሕዝቡን ዘፈንና ተረት በመቶዎች ሰብስባ የጻፈች አስቴር ጋኖ የተባለች ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። በ1894 የወጣውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አብረው አዘጋጅተዋል። ስንት የወንጌል አማኝ ኦኔሲሞስን ያውቃል? ስንቱስ አስቴርን? የእማሆይን መንገድ የዘጋው ባለ ሥልጣን ነበር ብለን እጃችንን እንዳንታጠብ ይህን ተናገርሁ። የራሳችንም ቤት እኅቶቹን ረስቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዝናችሁ እንድትበተኑ አልጻፍኩም። አራት ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ አንዱም ብር አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ከልምምድ በኋላ ሳይሆን ከልምምድ በፊት፣ ፀሐይ ሳለች፣ አንድ ሰዓት ኪቦርዱ ለእኅቶች ይሁን። ከመሸ በኋላ የሚሰጥ ዕድል ለሴት ልጅ ዕድል አይደለም፤ እናቷ እንደማትፈቅድላት ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች ሰዓት ወንበሩን ወንዶቹ ይደርድሩ።

ሁለተኛ፣ ኪቦርድ የሚችል ወንድም ሁሉ በዚህ ዓመት አንዲት እኅት ያስተምር። ሦስት ወር ያስተማራት እኅት አንዲት መዝሙር ስታጅብ ካላየ፣ «ተሰጥኦ የላትም» ከማለቱ በፊት አስተማሪነቱን ይመርምር።

ሦስተኛ፣ በመዝሙር ደብተራችሁ ላይ ከእያንዳንዱ መዝሙር ራስ ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ሰው ስም ይጻፍ፤ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን። በጉባኤ ፊትም ይነገር።

አራተኛ፣ ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ በወንድም፣ አንዱ በእኅት እጅ ይቀመጥ።

የአጥቢያችን ሽማግሌዎች፣ ለእናንተ በአክብሮት አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁ «ይፈቀድልን» ብለው ሲመጡ ዝምታችሁም መልስ ነው። የለንደኑን ደብዳቤ የከለከለው ሰው ምናልባት ጉዳዩን በማግስቱ ረስቶት ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ተሸክመውታል። ለእናንተ ትንሽ የሆነ «እሺ» ለአንዲት ልጅ ዘመኗ ሊሆን ይችላል።

አንቺም እኅቴ፣ ኳየሩ ከኋላ ሆነሽ ጣቶችሽን በጉልበትሽ ላይ የምታንቀሳቅሺው፣ አንቺን አውቅሻለሁ። ዜማው ሲጀምር ቀጣዩ ኮርድ የቱ እንደሆነ ከኪቦርዲስቱ በፊት ይሰማሻል። ፈቃድ እስኪመጣ ቆመሽ አትጠብቂ፤ ጠይቂ። አንዴ «ቆይ» ቢሉሽ ድጋሚ ጠይቂ፤ ያቺ በዳኛው ደጅ የተመላለሰች መበለት የተመሰገነችው ስላልሰለቸች ነው። ሲፈቀድልሽም እንደ እማሆይ ሥሪበት፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ባይሆንልሽ አንዷን ሰዓት አታባክኚ። ስትችዪም ለማን እንደምትጫወቺ አትርሺ፦ ለጌታ፣ ቀጥሎም ደጃፍ ላይ ለሚያድረው።

አንተም ወንድሜ፣ ቁልፉ በኪስህ ያለው፣ ቅዳሜ ቀድመህ ድረስ፤ ክፍሉን ክፈት፣ ጨርቁን ግለጥ፣ ከወንበሩም ተነሥላት።